መብራቱ ይበራል፣ ጋዙ ይነድዳል፤ ሻጩ ማነው?

ወገን፣ እንግሊዝ አገር ቤት ተከራይታችሁ ቁልፍ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ ሂሳብ ይቆጥርባችኋል። ማነው የሚቆጥረው? እሱን ፈልጉት! ስሙ በቤቱ ውስጥ የትም አልተጻፈም። ኤጀንሲው አከራዩን ጠይቁ ይላል፣ አከራዩ «የቀድሞው ተከራይ ነው የሚያውቀው» ይላል፣ የቀድሞው ተከራይ የት እንዳለ አምላክ ይወቅ። አገር ቤት «መብራት ኃይል» ብለን እንገላገላለን፤ ሽቦ የሚዘረጋልንም «ቢል» (የፍጆታ ሂሳብ) የሚሰበስበውም ያው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ጋዙን አንዱ፣ መብራቱን ሌላው ሊሸጥላችሁ ይችላል።

«ማንነቱ እስኪታወቅ አልከፍልም» ማለት ደግሞ አያዋጣም። ቢሉ በኪራዩ ውስጥ ካልተካተተ በቀር፣ ምንም ሳትፈርሙ ከነባሩ ሻጭ ጋር እንደተዋዋላችሁ ይቆጠራል። የምትገቡበትም ባብዛኛው ተለዋዋጩ ታሪፍ ነው፤ የኃይል ሻጮች ተቆጣጣሪ የሆነው ኦፍጌም የዋጋ ጣሪያ አበጀለት ማለት ርካሹ እሱ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ «ለኦኩፓየር» (ለነዋሪው) ተብሎ የሚመጣው ፖስታ የእናንተ ነው፣ ክፈቱት።

አሁን ወደሚያቃጥለው ልምጣ። ጋዝና መብራት የሚጠየቁት በሁለት የተለያየ በር ነው። ለጋዝ «ፋይንድ ማይ ሰፕላየር» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ፖስት ኮድና የቤት ቁጥር ስታስገቡ የሻጩን ስምና ኤምፒአርኤን የሚባለውን የጋዝ መስመር ቁጥር ያወጣላችኋል። ኢንተርኔት ለማይሆንለት ሰው ያለው ስልክ 0870 608 1524 ነው፤ በደቂቃ 7 ፔንስ፣ የስልክ ድርጅታችሁ የሚጨምረው ሳይቆጠር። ማን እንደሚያስከፍለኝ ለማወቅ ልክፈል? ይሄ ምን የሚሉት ሥርዓት ነው!

መብራቱን ግን እዚያ አታገኙትም። የሚጠየቀው የሰፈሩን ሽቦ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው፦ ለንደን ዩኬ ፓወር ኔትዎርክስ፣ ሊድስ ኖርዘርን ፓወርግሪድ፣ በርሚንግሃም ናሽናል ግሪድ ኤሌክትሪሲቲ ዲስትሪቢዩሽን። እነዚህ መብራት አይሸጡም፣ የወር ቢልም አይልኩም፤ በአድራሻችሁ የተመዘገበው ሻጭ ማን እንደሆነ ግን ያውቃሉ። መብራት ሲጠፋ 105 ደውሎ ያገኘውን ድርጅት «ሻጬ ነው» ብሎ የሚይዝ ስንቱ ነው።

ስትጠይቁ ኤምፓን የሚባለውን ባለ 13 አሃዝ የመብራት መስመር ቁጥርም ተቀበሉ። በነባር ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አካባቢውን ይናገራሉ፤ 12 ለንደን ነው፣ 14 ሚድላንድስ፣ 23 ዮርክሻየር። ቆጣሪው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ኤምፓን አይደለም። እሱ የዕቃው መለያ ነው፤ ቆጣሪው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል፣ ኤምፓን ግን ከቤቱ ጋር ይቀራል። በስማርት ቆጣሪው ማሳያ ላይ ባለው አርማም አትመኑ። አርማው የገጠመውን ድርጅት ነው የሚያሳየው፣ ዛሬ የሚሸጥላችሁን አይደለም። በ2021 የጋዝ ዋጋ ሲንር ሻጮች በየተራ ከስረው ደንበኞቻቸው ለሌላ ተላልፈዋል። ከከሰሩት አንዱ የነበረው የቡልብ ደንበኞች ዛሬ ኦክቶፐስ የሚባለው ሻጭ ዘንድ ናቸው።

ፍላት ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ መከራው ድርብ ነው። እናንተ «ፍላት 2» ስትሉ መዝገቡ «ፈርስት ፍሎር ፍላት» ይላል፣ ወይም «ፍላት ቢ»። ኮምፒውተሩም የጎረቤትን ሻጭ ይሰጣችኋል። መፍትሔው በአድራሻ ብቻ አለመስማማት ነው፦ የቆጣሪውን መለያ ቁጥር አንብባችሁላቸው መዝገባቸው ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ይህም ሆኖ በጋራ ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረደሩ ቆጣሪዎች ላይ የፍላት ቁጥር ተዛብቶ የተጻፈበት ሕንፃ ሞልቷል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቤታችሁ ያለውን የፊውዝ ሳጥን ዋና ማጥፊያ አጥፉና ቆጣሪውን እዩ። አሁንም እየቆጠረ ከሆነ የሌላ ሰው ነው። መልሳችሁ አብሩና ኬትል ጣዱ፤ የእናንተው ከሆነ የቆጣሪዋ ትንሽ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት አለባት። ያልሆነ እንደሆነ የጎረቤትን ፍጆታ እየከፈላችሁ ነው፣ ቶሎ ለሻጩ አሳውቁ።

ጋዝ ቆጣሪ ላይ ደግሞ መስፈሪያውን እዩ። የድሮው በኪዩቢክ ጫማ ይለካል፣ ባብዛኛው 4 አሃዝ ነው፤ አዲሱ በኪዩቢክ ሜትር፣ 5 አሃዝ። ሻጩ የሜትሩን እንደ ጫማ ከመዘገበው ፍጆታችሁ 2.83 ጊዜ ተባዝቶ ይመጣል። ቢሉ አለቅጥ ከናረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ነው።

በካርድ ወይም በመሙያ ቁልፍ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ቆጣሪ ከሆነ የቀድሞው ሰው ትቶት በሄደው ካርድ ወይም ቁልፍ አንድ ጊዜም እንዳትሞሉ። የእሱ ዕዳ ከእናንተ ገንዘብ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። አዲስ አስመጡ ይባላል። ከማን? ከሻጩ! ዓርብ ማታ ለገባ ሰው ይሄን ማን ይንገረው።

ሻጩ አንዴ ከታወቀ የምትልኩት ነገር አጭር ነው፦ የገባችሁበት ቀን፣ የኪራይ ውሉ ቅጂ፣ የመጀመሪያው ንባብ። ንባቡን በገባችሁበት ዕለት ፎቶ አንሱት፤ አሃዞቹና የመለያ ቁጥሩ በአንድ ፎቶ ይታዩ። ቀያዮቹን አሃዞች ተዉአቸው። ቀንና ማታ ለየብቻ የሚቆጥር ከሆነ ሁለቱንም ላኩ። በስልክ ብቻ ነግራችሁ አትተዉት፣ ኢሜይል አድርጉት፤ ሻጩ በራሱ ጥፋት ሳያስከፍል ከ12 ወር በላይ የቆየን ፍጆታ ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ አይችልም፣ «አሳውቀን ነበር» የምትሉት ግን በማስረጃ ነው። አቤቱታችሁ 8 ሳምንት ካለፈው በደንበኛና በሻጭ መካከል ለሚነሳ ክርክር ዳኛ ወደሆነው ኢነርጂ ኦምቡድስማን ውሰዱት፤ እሱ እንኳ በነጻ ነው።