አቋርጦ የተመለሰ ሯጭ አይቀጣም

የአንድ ሩጫ ቡድን አሰልጣኝ ሰሞኑን በቴሌግራም አዲስ ደንብ አወጣ። የቅዳሜውን ረጅም ሩጫ መሐል ላይ ያቆመ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ከቡድኑ ጋር አይሮጥም። ምክንያቱ ደግሞ «ማቋረጥ ልማድ ይሆናል፤ ኃይሌ እያቋረጠ ነው እንዴ ኃይሌ የሆነው?» የሚል ነው።

ኃይሌ እኮ አቋርጧል! እ.ኤ.አ. በ2007 የለንደን ማራቶንን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትቶ ወጣ። በዚያው ዓመት፣ አምስት ወር ቆይቶ፣ በርሊን ላይ 2:04:26 ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የቱ ልማድ ነው የያዘው? ያውም ያ ውድድር ነው፤ ዓለም እያየው ነው የቆመው። ማንም በማያየን የቅዳሜ ልምምድ ላይ እኛ ብንቆም ምን ይጎድላል?

ነገሩ የሚያንገበግበኝ ስለደረሰብኝ ነው። ሰንዳፋ መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ልንሮጥ ወጥተን 21ኛው ላይ ቅልጥሜን ጠቅ አደረገኝ። ድካም አልነበረም። ድካም ሁለቱንም እግር ያከብዳል፤ ፍጥነት ቀነስ አድርገህ ውሃ ስትጎነጭ ይለቅሃል። ይሄኛው ግን እዚህ ጋ ብዬ በጣቴ የማሳየው ቦታ ነበረው፣ በየእርምጃው እየባሰ ሄደ፣ ሳይታወቀኝ ማነከስ ጀመርኩ። «ጨርስ! ጨርስ!» ተባልኩ። ጨረስኩ። አጥንቴ ተሰንጥቆ ሁለት ወር ተኩል ቤት ተቀመጥኩ። ለ9 ኪሎ ሜትር! በወራት የሠራሁት ኮንዲሽን እንዳለ ሄደ። ያን ቀን ሰርቪሱ ላይ ብወጣ ኖሮ ምናልባት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሼ እሮጥ ነበር።

አዎ፣ ብርዱን ፈርቶ አልጋው የሚናፍቀው ሰው አይጠፋም። እሱን ለይቶ ማወቅ የአሰልጣኙ ሥራ ነው። ዓይኑ የዞረበትን፣ ደረቱን የጨመደደውን፣ እያነከሰ ያለውን ልጅ ከሰነፍ ጋር አንድ ላይ መቅጣት ግን አሰልጣኝነት አይደለም። ልጁ ሕመሙን መደበቅ ይለምዳል፤ ክፉው ልማድ ይሄ ነው!

የማራቶን ሯጩ ሲሳይ ለማ ተጎድቻለሁ ብሎ የፓሪስ ኦሎምፒክ ቦታውን ለቀቀ። ተተክቶ የገባው ታምራት ቶላ በ2:06:26 ወርቁን ይዞልን መጣ። ሲሳይን ማን ሰነፍ አለው?

ደንቡ ይነሳ። የፊታችን ቅዳሜ ልጆቹ ከሰርቪስ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያመው ሰው ካለ ይጠየቅ። መንገድ ላይ የቆመውንም ሰርቪሱ ያንሳው፣ ውሃና ጃኬት ይሰጠው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ስሙ ከዝርዝሩ አይፋቅ።