16ኛውን ክፍል መልሱልኝ

ይህን የምጽፈው ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቦርሳዬን ሶፋው ላይ እንደ ወረወርኩ ነውና ቃል ከቃል ቢጋጭባችሁ ይቅር በሉኝ። ያ ታክሲ መውረጃው ጋ ፊልም የሚጭነው ልጅ፣ ስንት ጊዜ በእርሱ ጉዳይ እዚህ እንዳለቃቀስኩባችሁ የምታውቁት፣ ዛሬ ያደረገኝ ነገር ከዚህ በፊት ያደረገኝን ሁሉ የሚያስመሰግን ሆኖ ተገኝቷል። ባለፈው አንድ ሙሉ ድራማ ድምፅ አልባ አድርጎ ጭኖልኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ፍላሼን በቫይረስ ሞልቶ የመሥሪያ ቤታችንን ኮምፒውተር አስተኝቶብኛል። ያ ሁሉ ዛሬ ደግነት መስሎ ታየኝ።

እንደምታውቁት ሁለት ሳምንት ሙሉ «ድሪም ሃይ» ላይ ነኝ። አዲስ ድራማ አይደለም፤ የኮሪያው ኬቢኤስ 2 ቴሌቪዥን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ ነው፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ የቀን ሥራና የማታ ትምህርት እየተቀባበሉ ሲያራውጡኝ ስለነበር እንኳን የኮሪያ ድራማ የራሴንም ፊት በመስታወት በወጉ አላየሁም። ድራማው 16 ክፍል ነው። ኮሪያውያኑ ሰኞና ማክሰኞ ማታ እየጠበቁ አይተውታል፤ እኔም ቀን ሒሳብ ሳመሳክር ውዬ፣ ማታ እራቴን በልቼ ዕቃ ካጠብኩ በኋላ፣ እንደ መድኃኒት እየለካሁ አንድ አንድ ክፍል ብቻ እየወሰድኩ፣ ሳልስገበገብ 15ኛው ላይ ደረስኩ። ይህን ትዕግሥት ሌላ ነገር ላይ ብጠቀምበት ኖሮ እስካሁን ኮንዶሚኒየም ይደርሰኝ ነበር።

ድራማው የሚጀምረው በእንቆቅልሽ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ንዴቴ የሚገባችሁ ይህ ሲገባችሁ ነውና። ገና ሲከፈት ዓመቱ 2018 ነው (ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፤ «ኬይ» የሚባል አንድ ኮሪያዊ ዘፋኝ ከአሜሪካው የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ጋር ስሙ ይነሣል፤ ፊቱ ግን አይታይም። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰን ኪሪን የሚባለው የኪነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ስድስት ልጆች እናገኛለን፤ ከእነርሱ አንዱ ኬይ ነው። የትኛው እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነገርህም። በጉዳዩ ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በማኪያቶ ተወራርጃለሁ፤ እኔ ጂን-ጉክ ነው ብያለሁ፣ እርሷ ሳም-ዶንግ ነው ብላለች። (በነገራችን ላይ ደራሲዎቹ በ2011 ላይ ቆመው ይህን ሲጽፉ እንደ ተረት ነበር፤ ቢቲኤስ የሚባሉት የኮሪያ ዘፋኞች በእውነተኛው ዓለም ለግራሚ ዕጩ የሆኑት ለ2021ዱ ሥነ ሥርዓት ነው። የእኔ 16ኛ ክፍል ግን ከዚያም ዘግይቷል።)

እና ትናንት ማታ ሻዬን አፍልቼ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ መጋረጃውን ዘግቼ 16ኛውን ከፈትኩ። ከማውቃቸው ልጆች አንድም የለም። ሌሎች ልጆች ናቸው፤ ሌላ ዩኒፎርም፣ ሌላ ጠብ፣ ሌላ ለቅሶ። መጀመሪያ ዘመን ያለፈ መሰለኝ፤ «እንግዲህ 2018 ደርሰን ይሆናል፣ እነዚህም አዲስ ተማሪዎች ይሆናሉ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይባስ ብሎ የኪሪኑ መምህር ያንግ ጂን-ማን ብቅ አሉ፤ እርሳቸውን ሳይ ልቤ መለስ አለና ሌላ 20 ደቂቃ ታገሥኩ። ለካስ ልጁ የጫነልኝ በ2012 የወጣውን የ«ድሪም ሃይ 2»ን 16ኛ ክፍል ኖሯል! ተዋንያኑ ተለውጠው ያንግ ጂን-ማን የቀሩበትን ማለት ነው። የማላውቃቸውን ሰዎች ስንብት አይቼ፣ ለማላውቀው ፍቅር አልቅሼ ተኛሁ። አዎ፣ አልቅሻለሁ። ሙዚቃው ነው።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ልጁ ሄድኩ። ሰልፍ አለ፤ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመስሉ ልጆች፣ አንድ የእግር ኳስ ማሊያ የለበሰ ጎልማሳ፣ ከኋላዬ ደግሞ የግቢያችን ልጅ፣ ያ ሁልጊዜ «እትዬ» ብሎ ሰላም የሚለኝ። ተራዬ ሲደርስ ፍላሼን ሰጥቼ ነገሩን በጨዋ ደንብ አስረዳሁት።

«እናት፣ ለልጅሽ ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

«የለም፣ ለራሴ ነው» አልኩት።

በዚህ ጊዜ ዓይኑን አነሣ። ከጸጉሬ ጀምሮ እስከ መነጽሬ፣ ከመነጽሬ እስከ ቦርሳዬ አየኝና ለሰልፈኛው ጭምር በሚሰማ ድምፅ፣ «ድሪም ሃይ? ይሄ እኮ የልጆች ነው። ላንቺ የሚሆን ቆንጆ የቱርክ አለልኝ፤ አማትና ምራት የሚጣሉበት» አለኝ።

እኔ ልጅ የለኝም። ይህንንም ለእርሱ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አማትም የለኝም፤ ታዲያ በ43 ዓመቴ የሌለኝን አማት ጠብ ቁጭ ብዬ እንዳይ የሚፈርድብኝ በየትኛው ሕግ ነው? ከኋላዬ ማሊያ የለበሰው ሰውዬ ፈገግ ሲል በመስታወቱ አየሁት። እስቲ ፍረዱኝ፤ ይህ ሰውዬ ቅዳሜና እሑድ አይቶት በማያውቀው አገር፣ ስሙን እንኳ በማያውቀው አሠልጣኝ ላይ ሲጮህ ይውላል፤ ቡድኑ የተሸነፈ ዕለት ሚስቱን ያኮርፋል፤ የሚያየው ደግሞ 22 ወጣቶች አንድ ኳስ ሲያባርሩ ነው። አንድም ቀን «ለልጅህ ነው?» ያለው ሰው የለም። የእኔዎቹም ወጣቶች ናቸው፤ የሚያባርሩት ነገር ኳስ አለመሆኑ ነው ጥፋታቸው።

ደግሞ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ያ አለቃዬ በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ አጎንብሶ «አንቺም ከእነዚህ ጋር ትደንሻለሽ?» ብሎ ሙሉውን ክፍል ያሳቀብኝን ዕለት ታስታውሳላችሁ። የወንድሜ ሚስትም በፋሲካ ዕለት እንግዳ ፊት «ወንዱ የቱ ነው፣ ሴቷስ የቷ ናት?» እያለች እኔን በምግብ ላይ ቅመም አድርጋኛለች። የዶሮውን ብልት እየቆጠርኩ ዝም አልኩ። ከዚህ ሁሉ ጋር የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከድምፁ ሦስት ሰከንድ ቀድሞ ይሮጣል፤ ሰው ከማልቀሱ በፊት ለምን እንደሚያለቅስ አነባለሁ፤ ቀልዱን ስቄ ከጨረስኩ በኋላ ይናገሩታል። አማርኛ ትርጉም ደግሞ ማን ያስታውሰናል።

ግን «የልጆች ነው» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች። እስቲ የልጆች የሆነው የትኛው ነው? ሄ-ሚ የኦፔራ ዘፋኝ ልትሆን ጁሊያርድ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በር ላይ ደርሳ፣ በአባቷ ዕዳ ምክንያት አራጣ አበዳሪ እየተከተላት፣ የምትንቀውን የፖፕ ዘፈን ለመማር ኪሪን ልትገባ የተገደደች ልጅ ናት። በፈተናው ቀን ከሁለታችሁ አንዳችሁን ብቻ ነው የምንቀበለው ሲባል፣ እንደ ጥላ ስትከተላት የኖረችውን ቤክ-ሂን በሰው ፊት ተራ ነገር አድርጋ ጣለቻት፤ ዳኛው ግን ቤክ-ሂን መረጡ። ያቺ የተናቀች ልጅ ከዚያች ቀን ጀምሮ ምን እየሆነች እንደ ሄደች ያየ ሰው የልጅ ጨዋታ ነው አይልም፤ እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድገት የተከለከሉ ሁለት ቤክ-ሂዎች አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ሳም-ዶንግ ደግሞ ከገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ጆሮው እንደ ተአምር ድምፅ የሚለይ፤ ለሄ-ሚ ሲል የተከላከለው የአበባ ማሰሮ ጭንቅላቱ ላይ ካረፈ ወዲህ ያ ጆሮው ይከዳው ጀመር። ሙዚቀኛ ጆሮው ሲከዳው! ያቺ ፒል-ሱክስ፣ ዘፋኟ አይዩ የተጫወተቻት፣ ውፍረቷን አፍራበት የሱሺ ቅርጽ ያለው ልብስ ውስጥ ተሸጉጣ ለፈተና የቀረበችው? በዚያች ልጅ የሚስቅ ሰው ልብስ መደብር ገብቶ «ያንቺ ልክ የለንም» ተብሎ አያውቅም። እኔ ተብያለሁ፤ ያውም ጥቅምት ላይ፣ ያውም በሻጭዋ እናት።

የእውነቱን ዓለም ብነግረውማ ለዚያ ልጅ የቱርኩ አማት ምን ያህል ርኅሩኅ እንደሆነች ይገባው ነበር። በኮሪያ አንድ ልጅ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለዓመታት በኩባንያ ሥር ተለማማጅ ሆኖ ይኖራል፤ ይመዘናል፣ ይባረራል። ድራማው ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ ቲቪኤክስኪው የሚባለው የታወቀ የዘፋኞች ቡድን ሦስት አባላት የ13 ዓመት ውላችን አንቆናል ብለው ኩባንያቸውን ፍርድ ቤት አቁመዋል፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ውሉ ከ7 ዓመት እንዳይበልጥ የሚል መደበኛ ውል አወጣ። ያንን ምስኪን የእንግሊዝኛ መምህር ያንግ ጂን-ማንን፣ ዘፋኝ መሆን አምሮት የቀረውን፣ የተጫወተው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ፓርክ ጂን-ዮንግ ነው፤ በእውነተኛው ሕይወት ጄዋይፒ የሚባለውን ኩባንያ የመሠረተው፣ ልጆች ፊቱ ቆመው ሲዘፍኑ የሚንቀጠቀጡለት ሰው። ሄ-ሚን የሆነችው ሱዚም የዚያው ኩባንያ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና 16 ዓመቷ ነበር። ፈራጁ የተፈረደበትን ሲጫወት ማየት ለእኔ ከሁሉ በላይ የጣመኝ እርሱ ነው፤ ግን ይህን ለማን ልንገር፣ ሰልፉ ላይ ለቆመው ባለ ማሊያ?

በነገራችን ላይ ኮሪያውያን «ታንታራ» የምትል ቃል አለቻቸው፤ ዘፋኙንና ተዋናዩን ዝቅ አድርገው የሚጠሩባት። ይህን የሰማሁ ቀን አባቴ ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ግጥም ሳነብ፣ በሰልፍ ላይ መዝሙር ሳወጣ ድምፄ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር፤ አባቴ አንድ ማታ ራዲዮኑን ዝቅ አድርጎ «አዝማሪ ልትሆኚልኝ ነው?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ይኸው ሒሳብ ክፍል ነኝ፤ ድምፄም የሚሰማው ፔቲ ካሽ ሲጎድል ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ «የጠየቅኩህ 1ኛውን ነው፤ የሰጠኸኝ 2ኛውን ነው» አልኩት።

«ያው ድሪም ሃይ አይደል?»

«ተዋንያኑ ሌላ ናቸው እኮ።»

«ፊታቸው ያው ነው፣ እናት። እኔ ራሴ አለያቸውም።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ ነገር ግን የ16 ክፍል ሒሳብ ከፍዬ የ15 ብቻ ይዤ ወደ ቤቴ የምመለስ ሰው አይደለሁም፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቆሜ ቀረሁ። «ክፍል 16ን ሳትሰጠኝ አልሄድም» አልኩት። ልጁም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ከዚያም እንደ ትልቅ ውለታ፣ እጁን ዘርግቶ፦

«እማማ፣ ለዚህ ነው እንዴ? ኬይ እኮ ሳም-ዶንግ ነው። ይኸው፣ አለቀ። ቀጣይ!»

እማማ! ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። ስገባ «እናት» ነበርኩ፤ ቆሜ ስከራከር አረጀሁ መሰለኝ ስወጣ «እማማ» ሆንኩ። እማማ ማለት በእኛ ሰፈር ነጠላ አጣፍተው፣ በትር ይዘው ከቅዳሴ የሚመለሱ እናት ናቸው። እሺ ይሁን፣ እርሱንም ልተወው። ግን ሁለት ሳምንት! እንደ መድኃኒት እየለካሁ! በመሥሪያ ቤት ወሬ ሲነሣ ጆሮዬን ይዤ፣ የፌስቡክ አስተያየት በጨረፍታ እንኳ ሳላይ፣ ጓደኛዬን «አፍሽን ያዢ» እያልኩ የጠበቅኩትን ነገር በአራት ቃል ጨረሰው፤ ያውም በሰልፍ ፊት። ከኋላዬ የግቢያችን ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ እኔም አላየሁትም ነበር» አለ። ያን ልጅ ማቀፍ አማረኝ።

እናም አሁን ያለኝን ልቁጠርላችሁ፦ ያላየሁት መጨረሻ፣ ያየሁት የሌላ ሰው መጨረሻ፣ ሳልጠጣው የምከፍለው አንድ ማኪያቶ፣ እንዲሁም ልጁ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ አውርጄ እጭንልሻለሁ» ብሎ ያስቀረው ፍላሼ። ፍላሹ ውስጥ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን የሩብ ዓመት ሪፖርት አለ። ያንን ከፍቶ ያየው እንደሆነ እንኳ ግድ የለኝም፤ ቢያንስ የእርሱን መጨረሻ ማንም አይነግረውም፣ እኛም አናውቀውም።

ሌላ ፊልም ቤት ሂጂ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌላው የሚጭነው የቱርክና የሕንድ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ተዘግቶ ጁስ ቤት ሆኗል። ከቴሌግራም አውርጂ ለምትሉኝም፣ የእኔ ፓኬጅ ግማሽ ክፍል ሳይደርስ ያልቃል።

ስለዚህ ነገ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ሰልፍ ላይ ነኝ። ሳም-ዶንግ ኬይ መሆኑን አውቄ ቢሆንም እንዴት እንደሆነ አላየሁምና። «ለልጅሽ ነው?» ካለኝም «አዎ» እለዋለሁ።