97ን ያላየህ ልጅ ዝም በል

ዛሬ ብሶቴን ካላወጣሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ረዥም ነው፣ የቸኮለ ይለፈው።

ጠዋት ከመገናኛ ወደ ስታዲየም በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። ሬዲዮው ስለ 7ኛው ምርጫ ያወራል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ "አሁን ይሄን ብሎ ካርድ የሚያወጣ አለ?" አለኝ። እኔ ሞኙ "ማውጣቱ ምን ይጎዳል? ባለፈውም መርጫለሁ" አልኩት። አለቀ። ከኋላ ወንበር አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ጉሮሮ ሲጠረግ ምን እንደሚከተል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"አንተ ልጅ፣ 97ን አይተሃል?"

መጣችልኛ! የ1997ቱ ምርጫ።

እኚህ አባት ብቻቸውን ቢሆኑ ባልተናደድኩ። ፀጉር ቤት 97፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ 97፣ ቡና ላይ 97። ጆከር ናት፤ አንዴ ከተጣለች ጨዋታው አበቃ፣ አንተም ካርታህን ሰብስበህ ትነሳለህ። የሚገርመኝ ደግሞ ለሁለቱም ወገን መሥራቷ ነው። እመርጣለሁ ስትል "97ን ብታይ አፍህን ሞልተህ አትናገርም ነበር" ትባላለህ። አልመርጥም ስትል ደግሞ ያው ሰውዬ፣ እዚያው ቁጭ ባለበት፣ "እናንተ ምን ታውቃላችሁ! እኛ በ97 ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፍነው" ይልሃል። ታዲያ ምን ላድርግ? ቆይቼ መወለዴን ይቅርታ ልጠይቅበት?

ቁጥሩንማ እኔም አውቀዋለሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 እሁድ። ከሳምንት በፊት ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ በሰው ባሕር ተጥለቀለቀ፣ ሁለት ጣት ወደ ሰማይ። ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን ወሰደ፤ ለፓርላማ ከከተማዋ የነበሩትን 23 ወንበሮችም አንድ ሳያስቀር ጠራርጎ። በምርጫው ማታ ሰልፍ ለአንድ ወር ተከለከለ። ከዚያ የሰኔ 1 ተኩስ፣ ከዚያ የጥቅምት 1998ቱ። አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠረው ሟች 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ነው። የሞባይል የጽሑፍ መልእክት እንኳ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር (እኛ ኔት ለአንድ ቀን ሲቆረጥ እናለቅሳለን፣ እሺ፣ እዚህ ላይ አንድ ለዜሮ መሩን)።

ይሄን ሁሉ አንብቤ ነው ያወቅኩት። ማንም አልነገረኝም። ብሶቴም ይኸው ነው። 97 97 እያሉ ያሳደጉን ሰዎች 97ን አውርተውልን አያውቁም! የሚነግሩህ ሰልፉን ነው፣ ጭብጨባውን፣ የቴሌቪዥን ክርክሩን፣ እገሌ እገሌን እንዴት አፉን እንዳስያዘው። ልክ ውጤቱ ጋ ሲደርሱ ጣሳቸውን ያነሳሉ። "ከዚያማ ... ተወው፣ ሆድ ይፍጀው።"

እኔ ያኔ 6 ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ሦስት ነገር ነው። እናቴ የግቢውን በር በዲንጋይ ስታስደግፍ። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ፣ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ። ሦስተኛው አጎቴ ነው። የሰፈሩ ቄንጠኛ፣ ጎፈሬውን ሲያበጥር መስታወቱን ለማንም የማይለቅ ልጅ፣ አንድ ቀን ጠፋ። ከሳምንታት በኋላ ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ መጣ። ደዴሳ የሚባለውን የእስር ካምፕ ስም መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች እየታፈሱ በየካምፑ የተጫኑበት፣ "አደገኛ ቦዘኔ" የሚል አዋጅ ያለበት ዘመን ነበር። እኔ ግን አልገባኝም፤ ራሱን እየነካሁ ስስቅበት ሁሉም ዝም አለ። እሱም አብሮኝ ሳቀ። እስከ ዛሬ ስለዚያ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፣ "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ።" ስንት ዓመት ሙሉ።

ከ97 ወዲያ ያለውንስ ለምን አትጠይቁንም? እኛ ምርጫን ያወቅነው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። በ2007፣ እኔ ሃይስኩል እያለሁ፣ ሁለቱም ቀሩና 547 በ547 ሆነ። በዚያው ዓመት የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ "የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ባህርያት" ብሎ ጻፈልን። ገለበጥን። ፈተና ላይ መጣ። በትክክል መለስኩ። እኔም እሱም ስቀናል፣ ድምፅ ሳናወጣ።

እንግዲህ በዚህ ጀርባ ነው 2013 ላይ የደረስነው። በኮቪድ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ በመጨረሻ ሰኔ 14። ካርድ ለማውጣት ሁለቴ ተመላልሻለሁ፤ መጀመሪያ መታወቂያህ ጊዜው አልፏል ተባልኩ፣ መታወቂያ ለማሳደስ ሄጄ ደግሞ "ሲስተም የለም"። የምርጫው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተሰልፌ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ገና ግማሽ መንገድ ነበርኩ። ርቀታችሁን ጠብቁ ይላሉ፤ ከኋላዬ ያሉት እናት ጃንጥላቸውን ጀርባዬ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ወረቀቱ ላይ የገዢውን ብልጽግና ምልክት፣ አምፖሉን፣ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። አጎቴ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ኮረንቲውንና ፖለቲካውን አንድ ወረቀት ላይ ቢያገኛቸው ምን ይል ይሆን ብዬ። ማንን እንደመረጥኩ አልናገርም፣ ሚስጥር ነው ተብሎ ተምረናል።

ምርጫው ሙሉ ነበር አልልም። ትግራይ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ድምፅ አልሰጠችም። ሶማሌና ሐረሪ እስከ መስከረም ቆዩ። ከተወዳዳሪዎች ውስጥ እስር ቤት ሆነው የተወዳደሩ ነበሩ። ብልጽግና ከታወጁት 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። ይሄን የምለው ቁስሉን ለማስዋብ አይደለም። እኔ ግን ያን ቀን ቆሜያለሁ። የኔ 97 እሷ ናት፣ ቀጠን ያለች ብትሆንም የኔ ናት።

ደግሞ ልብ በሉ፣ የ97 ሰዎች ራሳቸው 97 ላይ አልቆሙም። ብርቱካን ሚደቅሳ ያኔ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ በ2013 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ውጤቱን ያወጁት እሳቸው ናቸው። ብርሃኑ ነጋ ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ፤ በ2013 ተወዳድረው ተሸነፉ፣ ጥቂት ወራት ቆይተው ትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ልክ ናቸው አይደሉም ሌላ ጨዋታ ነው። ግን ተንቀሳቅሰዋል። ያልተንቀሳቀሰው ታክሲው ነው!

ወደ ታክሲው እንመለስ። ባምቢስን አልፈን መስቀል አደባባይ ጋ ስንደርስ አባት በመስኮት ጣታቸውን ቀሰሩ። "ይሄ አደባባይ ያኔ ጠጠር መጣያ አልነበረውም" አሉ። ዞር ብዬ፣ በአክብሮት፣ "አባባ፣ ጥቅምት ላይስ የት ነበሩ?" አልኳቸው።

ዝም። ሬዲዮው ማስታወቂያ ጀመረ። ወያላው ሂሳብ ሂሳብ እያለ መጣ። ኋላ መቀመጫው ላይ እጃቸው ጉልበታቸውን ሲያሻሽ አየሁት።

"ልጄን ፍለጋ ነበርኩ" አሉ፣ በቀስታ። "ከጣቢያ ጣቢያ።"

ተገኘ ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። ከዚያ ሁሉ ዓመት ንግግር አንዱን ቁራጭ ሳገኝ ምላሴ ተሳሰረ፤ እኔም እንደነሱ ሆድ ይፍጀው አልኩ መሰለኝ። ኪሴን ዳብሼ ለወያላው "የአባትንም ያዝ" አልኩት።

ስታዲየም ሲወርዱ ትከሻዬን ያዙኝና "ተባረክ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ" አሉኝ። 27 ዓመቴ ነው።