ብዙ ሰው የሚሸነፈው በቀን ቆጠራ ነው

መንግሥት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስለቅቅ የሚከፍለው ካሳ ማነሱን ያነበብኩት ጽሑፍ በደንብ ዘርዝሯል። ግን ብዙ ባለይዞታ የሚሸነፈው ገና ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ነው።

የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የአቤቱታውን መንገድ አስቀምጦታል። የማስለቀቂያ ትዕዛዝ በደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ታመለክታለህ። በውሳኔው ካልተስማማህ፣ አሁንም በ30 ቀን ውስጥ፣ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ። ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠበቃ ይዘው በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዱ። “መጀመሪያ አስተዳደሩ ጋ ይጨርሱ” ተብለው መዝገቡ ተዘጋ። ሲመለሱ ደግሞ “ጊዜው አልፏል” አሏቸው። ያኔ ባሕር ዛፉም አጥሩም በግሬደር ተጠርጓል። ለካሳ ከተደረገው የንብረት ቆጠራ የተዘለለውን በምን ያሳዩ?

ስለዚህ ትዕዛዙን ስትቀበሉ ቀኑን እዚያው ጻፉበት። አቤቱታ ስታስገቡ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም ሳታስመቱ አትውጡ። “እናየዋለን፣ ሳምንት ተመለሱ” የሚል የቃል መልስ ውሳኔ አይደለም፤ በጽሑፍ ጠይቁ። ንብረታችሁን ደግሞ ማሽን ሳይገባ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዷን ዛፍ፣ የጉድጓዱን ውሃ ሳይቀር።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መሬቱን የሚያስለቅቀው አስተዳደሩ። የመጀመሪያውን አቤቱታ የሚሰማው አካልም የሚቋቋመው በዚያው በአስተዳደሩ በኩል ነው። አጎቴ “ለማን አቤት እያልኩ ነው?” ይሉ ነበር፤ እኔም እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።