«ኢፍ»ን ማን ዋጠው?

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሰፈራችን ያለ «ከ» አይንቀሳቀስም። ውሃ ከመጣች ይታጠባል። መብራት ካለ ይጋገራል። ታክሲ ከተገኘ ሥራ ይገባል። ሰው ሲለያይ እንኳ «ነገ እንገናኝ» ብሎ አያበቃም፤ «እሱ ካለ» ይጨምርበታል። እሱ ማን እንደሆነ፣ ምን ካለ፣ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ገብቶታል።

ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ስለነበር በብሎካችን ስሜ «ቲቸር» ነው። ማስተማሩን ከተውኩት ቆየሁ፤ ስሙ ግን አልተወኝም። የመድኃኒት ወረቀት፣ የቴሌቪዥን ማኑዋል፣ የቪዛ ፎርም ሲመጣ በሬ ይንኳኳል። ባለፈው እሁድ የተንኳኳው ግን ለቡና ነበር። አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው የላኩብኝ።

ስገባ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ፈንዲሻ አለ። ለአዘቦት እሁድ የማይጋገር ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ ቤት ውስጥ ኮት ለብሰዋል። ልጅቷ ጥግ ላይ ሆና ስልኳን እያየች ትስቃለች።

«ቲቸር፣ ልጄ ተመረጠችልኝ!» አሉ እትዬ። «ስኮላርሽፕ! ውጭ አገር! ደብዳቤው መጣ።»

ደስ አለኝ። ዳቦዬን ጎረስኩ። ልጅቷ ስልኩን አቀበለችኝ። የኢሜይሉ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሹድ ዩ ቢ ሰሌክትድ፣ ዊ ዊል ኮንታክት ዩ።»

ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

በልጅቷ አልፈርድም። «ሹድ» ማለት «ይገባል» ነው ብለን ያስተማርናት እኛው ነን። «ዩ ሹድ ስተዲ»፣ ማጥናት ይገባሻል። እሷም «መመረጥ ይገባሻል፤ እንጠራሻለን» ብላ አነበበችው። ፈረንጆቹ አድንቀዋት ዝም ማለት ያቃታቸው መስሏታል። ደብዳቤው የሚለው ግን «ከተመረጥሽ እንጠራሻለን» ነው። ካልተመረጠችስ? ስለዚያ ምንም የለም።

ዳቦው እዚያው ይቆይና፣ እንግሊዝኛ ይህ አመል አለው። የእኛን «ከ» የሚተካውን «ኢፍ»ን ይውጥና ረዳት ግሱን ከባለቤቱ ፊት ያመጣዋል። በር ላይ መቆም ያለበት የታክሲ ረዳት ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ በሉት። «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» የነበረው «ሃድ አይ ኖውን» ይሆናል፤ ባውቅ ኖሮ። «ኢፍ አይ ወር ዩ» ደግሞ «ወር አይ ዩ»፤ አንተን ብሆን። በዛሬው እንግሊዝኛ ይህ መብት በዋናነት የሦስት ቃላት ነው፦ የሃድ፣ የወር እና የሹድ። ሃድና ወር ብዙ ሰው አያሳስቱም። ሹድ ግን እንደ ደላላ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ይበላል። አንዱ ጋ «ይገባል» ነው፣ ሌላው ጋ «ምናልባት ከሆነ»። ደብዳቤ ጸሐፊዎች ደግሞ ጨዋ ስለሚያስመስላቸው ይወዱታል።

እንዲያውም የባሰ አለ። ግራውንድ ላይ ያለው ጂም ግድግዳው ላይ «ኖ ፔይን፣ ኖ ጌይን» ብሎ በትልቁ ጽፏል። ኢፍ የለ፣ ባለቤት የለ፣ ግስ የለ። እኛ «ካልደፈረሰ አይጠራም» እንላለን፤ እንዲህ ባጠረው ተረታችን ውስጥ እንኳ «ካል» አለች። ጋሼ የጂሙን ጽሑፍ ቃል በቃል «ህመም የለም፣ ትርፍም የለም» ብለው ተርጉመው ለባለቤቱ ሲያዝኑ ሰምቻቸዋለሁ። «ታዲያ ኪራዩን በምን ይከፍላል?»

ሁሉን ጥሎ «ከሆነ»ን ብቻ ያስቀረም አለ። የታላቁ እስክንድር አባት ፊልጶስ ለስፓርታዎች «አገራችሁን ከወረርኩ አጠፋችኋለሁ» ብሎ ላከባቸው ይባላል። መልሳቸው አንድ ቃል ነበር፦ «ከ…»። የእኛ ሰፈር ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

አማርኛ ውስጥ «ከ»ን መስረቅ አይቻልም። ከግሱ ጋር ተሰፍታለች። «ውሃ ከመጣች» ከሚለው ላይ አውጧት፤ «ውሃ መጣች» ብቻ ይቀራል፣ ብሎኩም በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። ሰው ይረጋገጣል።

እኛ የምንውጠው ጭራውን ነው። ከመገናኛ ወደ ሰፈር የሚመጣ ታክሲ ውስጥ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛዋ ሴትዮ «ወንድም፣ ትንሽ ብትጠጋልኝ» ትላለች። ብጠጋስ? ምን ይሆናል? አትነግርህም። ባትጠጋስ? እሱንም አትነግርህም። ሆኖም ትጠጋለህ። «በሩን ብትዘጋው»፣ «ብድሩን ብትመልስልኝ»፣ ሁሉም መሐል መንገድ ላይ ወርደው የቀሩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ፈረንጅም አንዳንዴ «ኢፍ ዩ ኩድ ሳይን ሂር»፣ እዚህ ጋ ብትፈርም፣ ይላል፤ እሱ ግን ቢሮ ሲገባ ነው። እኛ አገር የጠቅላላው ኑሮ ትህትና በዚህ ነው የቆመው። የትህትናውን ውስጥ ከፈተሽከው ደግሞ ትንሽ ማስፈራሪያ አታጣም።

ወደ ዳቦው ልመለስ። እንደምንም ዋጥኩት።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «እዚህ ጋ አንድ ‹ኢፍ› ተውጧል።»

«ማን ዋጠው?»

«እንግሊዝኛው ራሱ።»

ጋሼ ኮታቸውን አስተካከሉ። «የሰው እህል እያስበሉ ምን ያስውጣቸዋል? በግልጽ አይጽፉም?»

ልጅቷ መሳቅ አቆመች። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደግማ አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ፤ ሹድ፣ ሹድ፣ ሹድ። ያን ጊዜ ድሮ ክፍል ውስጥ «ይገባል» ብዬ ያስደገምኳቸው ልጆች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

«አሁን ተመርጣለች ወይስ አልተመረጠችም?» አሉ እትዬ። ጀበናው እጃቸው ላይ ነው፤ አቦሉ ገና አልተቀዳም።

«ገና ነው እትዬ። ከተመረጠች…»

ጭራውን እኔም ዋጥኩት።

እትዬ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ከፊተኛው የሚተልቅ ዳቦ ቆርሰው ሳህኔ ላይ አደረጉ።

«አንተ ቲቸር፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንዲያው ዝም ብለህ ዳቦህን ብትበላ።»

በላሁ።