አንድ ቴራ ለአንድ ሰፈር

ዕቁብ የወጣልኝ ዕለት ባለቤቴ ፊት ላይ ፍሪጅ አየሁ። ባለ ሁለት በር፣ ብርማ ቀለም፣ በሩ ላይ ውሃ የሚቀዳበት። እኔ ደግሞ ላለፉት ሰባት ወራት ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ የማየው ሌላ ነበር፦ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ሆዱ እንደ ሠርግ አዳራሽ የሚያበራ፣ ዕቃው አንድ በአንድ ተመርጦ እቤት የሚገጣጠም የጌም ኮምፒውተር።

“ለልጁ ትምህርት ነው” አልኳት።

በዚህ አገር ትምህርት ያልተሸከመው ውሸት የለም።

“ታዲያ ማራገቢያው ለምንድን ነው መብራት የሚያበራው?” አለች ፎቶውን አይታ።

“ማታ እንዲያጠና።”

ዝም አለች። የባለቤቴ ዝምታ ወለድ አለው፤ ስንት እንደደረሰ የሚታወቀው ሲከፈል ነው።

እውነቱን ለእናንተ ልናገር። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሰፈራችን ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል። አንድ ቀን ጆሮውን ይዤ ላወጣው ሄድኩ። ስገባ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ተቀመጥኩ። በ12 ዓመት ልጅ 6 ለ 0 ተሸነፍኩ። አሸናፊዬ እጄን እየጨበጠ “አይዞን ፋዘር፣ በረኛዎን ያለቦታው እያስወጡት ነው” አለኝ። የኮምፒውተሩ ሐሳብ የተፀነሰው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ልጄን ከዚያ ቤት ለማውጣት ነው ብዬ ለራሴም ነግሬዋለሁ፤ ራሴም እንደ ባለቤቴ ዝም ብሎኛል።

ችግሩ፣ ይህ ዕቃ እንደ ፍሪጅ ጠቁመው “እሱን ጫኑልኝ” የሚሉት አይደለም። መጀመሪያ አንጎሉ ፕሮሰሰርና ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ መጋባት አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ እንደ አባቶቻችን ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ነው። ልዩነቱ፣ አባቶቻችን የሚቆጥሩት ሁለቱ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ነበር፤ እዚህ የሚቆጠረው ዘመድ ሳይሆኑ እንዳይቀሩ ነው። ራይዘን 5 5600 መረጥኩ፤ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት ሶኬት ኤኤም4 ይባላል። ሻጩ ያሳየኝ ማዘርቦርድ ቢ450 ነው፤ እሱም ኤኤም4 ነው። “የአንድ እናት ልጆች ናቸው” ብሎ ማለልኝ። ያልነገረኝ ግን ቦርዱ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፕሮሰሰሩ የመጣው በ2022 መሆኑን ነው፤ ባዮሱ፣ ማለትም ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ካልታደሰ ቦርዱ “ይህን ሰው አላውቀውም” ይላል። ባዮሱን ለማደስ ደግሞ፣ በፍላሽ ብቻ የሚታደስ ዓይነት ካልሆነ፣ ቦርዱ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ተፈልጎ መምጣት አለበት። ማለትም አዲሱ ሙሽራ ቤት እንዲገባ የቀድሞው ባል መጥቶ በር ሊከፍት ነው። ጎመን በጤና ብዬ ቢ550 የሚባለውን ቦርድ ገዛሁ።

ራም ላይ፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ማለቴ ነው፣ ብዙ አልተቸገርኩም። ዲዲአር4 የሚለው ቦርድ ዲዲአር5 ራም አይቀበልም፤ ጥርሱ መሃል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለይ ቢገፉትም አይገባም። አንድ ባለ 16 ጊጋ ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል የሚባለውንም ያለ ክርክር ተቀበልኩ፤ በአንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ አላየሁም።

ዋጋው ግን እንዳታነሱብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ሻጭ ዋጋ ሲነግርህ ሰዓቱንም አብሮ ይነግርሃል። “አሁን ባለው ነው” ይልሃል። ሚስትህን አማክረህ ስትመለስ “አሁን” አልፏል።

ምስሉን የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ እዚሁ ያገለገለ ልግዛ ብዬ ነበር። አንዱ ደላላ “ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ሴት ነች የያዘችው” አለኝ። መኪና ሲሸጥ የኖረ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ያገለገለ ካርድ ታሪክ አለው፤ ኢተሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 በካርድ መቆፈርን (በካርድ እያሰሉ ገንዘብ ማውጣትን) እስኪተው ድረስ በየአገሩ መጋዘን ውስጥ ሌት ተቀን ሲቆፍሩ የኖሩ ካርዶች ከዚያ በኋላ ተጠራርገው ገበያ ወጡ። እንደ ሚኒባስ ሞተር ሳያርፍ የኖረ ካርድ አልኮል ተቀብቶ፣ አቧራው ተነፍቶ፣ “ልጅ ቤት ነበር” ተብሎ ይቀርባል። ሁሉም ክፉ ነው አልልም። የእኔን ዕድል ግን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ሜሪላንድ ወዳለው የባለቤቴ ወንድም ደወልኩ። አማቼ መጀመሪያ የእዚያን ዋጋ ነግሮ አስለቀሰኝ፤ ቀጥሎ “ሰው ሲመጣ እልካለሁ” አለ። “ሰው ሲመጣ” የሚባለው ወር በየትኛውም የዘመን መቁጠሪያ የለም። በመጨረሻ አንዲት እህት መጣች፤ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዋ በቫይታሚን፣ በሎሽንና በሰው አደራ ተሞልቷል። የካርዱ ካርቶን ቦታ ይይዛል ተብሎ እዚያው ተጥሎ፣ ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 በሕፃን ፒጃማ ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ። እኔ እስክደርስ ሦስት ቀን የእናቷ ቡፌ ላይ ከሲኒዎቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። እናትየዋ የፀጉር ማድረቂያ መስሏቸው “መሰኪያው የታለ?” ሲሉ አገኘኋቸው።

ኤሌክትሪኩን ለዕቃው የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ በሚዛን ግዙ። ይህን በነፃ ነው የምመክረው። “750 ዋት” የሚል የተለጠፈበት ሣጥን አንስቼ እንደ ባዶ ሞሰብ ሲቀለኝ መልሼ አስቀመጥኩትና ባለ 650፣ 80 ፕላስ የሚል የኃይል ቁጠባ ምልክት ያለበት፣ ክንድ የሚያወርድ ገዛሁ። ከዚያም ስታቢላይዘር። መብራት ሲሄድ ዕቃ ብዙም አይጎዳም፣ ተመልሶ ሲመጣ ነው ጉዱ፤ እንደ ኮበለለ ባል ነው፣ በሩን በርግዶ ነው የሚገባው። ደግሞ ይህን ሁሉ ዋት ስቆጥር ባለቤቴ ከትከት ብላ ሳቀች። የእንጀራ ምጣዷ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይበላል። ማክሰኞና ዓርብ እንጀራ ሲጋገር ጌም እንደሌለ፣ ዕቃው ሳይገጠም በፊት በቤቱ ሕግ ጸደቀ።

አሁን ወደ ማከማቻው ልምጣ።

ሃርድ ዲስክ ማለት የድሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ብዙ ይይዛል፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ፋይል ስትጠይቀው መነጽሩን ይፈልጋል፣ ይነሳል፣ መደርደሪያውን ይዞራል። መዞሩ እውነት ነው፤ ሳህኑ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራል፣ መርፌው ከወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በደህና ቀኑ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ገደማ ያመጣልሃል፤ ፋይሉ ከተበታተነ ደግሞ “ነገ ተመለስ” ነው። ሳታ ኤስኤስዲ፣ የሚዞር ነገር የሌለው ማከማቻ፣ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ናት፤ ከወንበሯ ሳትነሳ 550 ሜጋባይት ትሰጥሃለች። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ኤስኤስዲ ግን የኃላፊው ዘመድ ነው። ወረፋ አያውቅም፤ በኬብል ሳይሆን ቦርዱ ላይ ተጋድሞ በጓሮ በር ፕሮሰሰሩ ዘንድ ይገባል፤ መካከለኛው እንኳ በሰከንድ 3500 ያመላልሳል። ጌም ለመክፈት ግን ከልጅቷ የሚበልጠው በጥቂት ሰከንድ ነው። ይህን እያወቅሁ የኃላፊውን ዘመድ መረጥኩ፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ።

ፍላሽ መግዛት ይቅርብህ ያልተባልኩ አይምሰላችሁ። ድሮ አንድ ጊዜ መንገድ ዳር “2 ቴራ” የሚል ፍላሽ በሁለት ምሳ ዋጋ ገዝቻለሁ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ነው ብሎ መሰከረለት። ውስጡ ግን 32 ጊጋ ነበር፤ እሱ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። የፋይሉ ስም አለ፣ ፋይሉ የለም። ሙሉውን ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ሳይፈተሽ በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ፎቶ ማስቀመጥ፣ አደራን ለሰካራም መስጠት ነው።

“1 ቴራ ይበቃናል” አልኩ።

“አባዬ፣ 2 ይሁን” አለ ልጄ።

“ምን ልታስቀምጥበት ነው? እህል ነው?” ብዬ ተቆጣሁ። በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የመጀመሪያውን ዲስክ ያለበት ማሽን ሲያወጣ 50 ሳህን ደርድሮ፣ አንድ ቶን ያህል መዝኖ፣ የያዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ እንደነበር አስረዳሁት። ልጄ፣ ስልኬ የሚያነሳው አንድ ፎቶ እዚያ ላይ ላይበቃ እንደሚችል አስልቶ ነገረኝ። ተሜ!

እቤት ስንሰካው 1 ቴራው 931 ጊጋ ሆነ። ልመልስ ስል ልጁ አስቆመኝ። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024 ይቆጥራል። መርካቶ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም ነበር፤ የሻጭ ቁናና የገዢ ቁና መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል።

የመገጣጠሙን ቀን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው እንዲያሻግር ፕሮሰሰሩ ላይ የሚደረገው ተርማል ፔስት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል ይላሉ። እኔ በስስት አላደግሁም፤ እንደ ጨጨብሳ ቅቤ አርሼዋለሁ፣ ተጠርጎ በድጋሚ ተሠራ። ከዚያ ተለኮሰ። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ አለ። ስክሪኑ ጥቁር።

ሁለት ቀን ጥቁር። የዕድራችን ጸሐፊ “የመብራቱ ኃይል አንሶ ነው” አሉ። የቢሮአችን አይቲ ልጅ በስልክ “ጋሼ፣ አጥፍተው ያብሩት” አለኝ፤ አጥፍቼ አበራሁት። አማቼ ከሜሪላንድ ካርዱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አስደነገጠኝ። አማቴ ጠበል እንርጭበት ብለው ሃይላንዱን ከፍተው ነበር፤ በጊዜ ደረስኩባቸው። በሦስተኛው ቀን ያ የ12 ዓመት አሸናፊዬ ልጄን ሊጠራ መጣ። በስተኋላ ዞሮ አየ። የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካው። ምስል መጣ። 5600 መጨረሻው ላይ “ጂ” የምትል ፊደል ከሌለችው የራሱ ምስል ማውጫ የለውም፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ከማይናገር ሰው ወሬ ስጠብቅ ነበር።

“አይዞን ፋዘር” አለኝ።

ሳምንት በደስታ አለፈ። የእግር ኳሱ ጌም 100 ጊጋ ወሰደ፤ ሌላ አንድ የተኩስ ጌም 150። ከዚያ ጎረቤታችን እማማ በር አንኳኩ። እጃቸው ላይ በመሐረብ የታሰረ ሃርድ ዲስክ አለ።

“ልጄ፣ ያቺ ልጄ የተዳረች ጊዜ የተቀረጸው ነው። ትልቅ ኮምፒውተር ገዝቷል ሲሉ ሰማሁ። እዚያ ላይ አኑርልኝማ፣ ይህቺ ትጠፋለች።”

ቦታ የለኝም ይባላል? እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጆች ፍራሽ አውርደው ሳሎን ይተኛሉ እንጂ ቦታ የለም ተብሎ አያውቅም። አኖርኩላቸው። ቀራጩ ጎበዝ ሆኖ በፎርኬ ጥራት ነው የቀረጸው፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 45 ጊጋ ማለት ነው። ሙሽራይቱ ቤት ደጃፍ “አናስገባም ሰርገኛ” ብቻ 40 ደቂቃ ፈጅቷል፤ 30 ጊጋ አናስገባም እያለ ገባ።

ከዚያ መልሱ መጣ። ቅልቅሉ መጣ። ወሬው ዕድር ላይ ተሰምቶ የጸሐፊው ልጅ ምርቃት መጣ። የሦስት ሕፃናት ክርስትና፣ የአንድ አጎት ተዝካር፣ አንድ ማን እንደሆነ እስካሁን ያላወቅሁት ሰው 50ኛ ዓመት ልደት። አንዳንዱ በፍላሽ፣ አንዳንዱ በሲዲ፤ የሲዲ ማስገቢያ እንደሌለው ስነግራቸው “ይህን ያህል ብር አውጥተህ?” ብለው አዘኑልኝ። ከውጭ ልጆቻቸው የሚልኩላቸውም “በእሱ ቤት ይሁንልኝ” ይባላል። ባለቤቴ ለመጣው ሁሉ ቡና ታፈላለች፤ እየሳቀች ነው የምታፈላው፣ ወለዱን እየሰበሰበች።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ሁለተኛዋን ልጃቸውን ዳሩ። እሑድ ዲስካቸውን ይዘው ከአሥር ሴቶች ጋር መጡ። ከፍቼ ሳየው የማከማቻው መስመር ቀልቷል፤ ከ931 የቀረው 11 ጊጋ ነው። የተኩሱ ጌም ከሄደ ቆይቷል። ልጄን አየሁት። ልጄ አየኝ። ከዚያ ዞሮ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ሄደ። የእግር ኳሱን ጌም አጠፋሁት።

አርቲኤክስ 3060 በሙሉ ኃይሉ የሙሽራይቱን ቬሎ አወጣው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ፈንዲሻው ኪቦርዱ ላይ ተበተነ። እማማ ሲኒያቸውን ይዘው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉና መስታወቱን በጣታቸው ነኩት።

“ይህ ማራገቢያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያበራው?”

ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፣

“ማታ እንዲያጠና ነው እማማ።”