አቧራውን አመጣን፣ በረዶውስ?

አንድ ሚሊግራም እንኳን አይሞላም እኮ። ናሳ ስታርደስት የምትባለዋን መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 ልኮ፣ 7 ዓመት ጠብቆ፣ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ከስክሶ ቪልት 2 ከሚባለው ጅራታም ኮከብ ያስመጣው አቧራ በሙሉ ቢመዘን ማለት ነው። ይሄን የሰማ ሰው "ታዲያ ምን ዋጋ አለው" ቢል አልፈርድበትም፣ እኔ ግን እንደውም ያነሰው ነገር ሌላ ነው ባይ ነኝ።

አያያዙ ራሱ ይገርማል። ኤሮጄል የሚባል አብዛኛው አየር የሆነ ጭስ የመሰለ ጠጣር ነገር አለ፣ እሱን የቴኒስ ራኬት በሚመስል ነገር ላይ ደርድረው በ2004 ጅራታሙ ኮከብ አጠገብ ሲያልፉ ዘረጉት፣ ብናኙ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ገብቶ የካሮት ቅርጽ ያለው ቀዳዳ እየሰራ እዛው ቀረ። በጥር 2006 ካፕሱሉ ዩታ በረሃ ላይ በፓራሹት አረፈ።

ከዛ ሲከፈት ጉድ ተባለ። ጅራታም ኮከብ ማለት ከፀሐይ ርቆ በብርድ የተሰራ የቆሸሸ በረዶ ነው ሲባል ነበር፣ አቧራው ውስጥ የተገኙት ግን ፀሐይ አጠገብ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ካልሆነ የማይፈጠሩ ማዕድናት ናቸው! እሳት ውስጥ የተወለደ ነገር በረዶ ውስጥ ምን ይሰራል? በ2009 ደግሞ ግላይሲን፣ ያው ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ፣ ከምድር የተነካካ ሳይሆን ከዛው የመጣ መሆኑ ተረጋገጠ። ይሄን ሁሉ በቴሌስኮፕ ማን ያውቀው ነበር።

በረዶው ግን አልመጣም፣ በዛ ፍጥነት ተላትሞ የሚተርፍ በረዶ የለም። የምድር ውቅያኖስ ከጅራታም ኮከቦች ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ደግሞ ያለው እሱ ውስጥ ነው። የአውሮፓዋ መንኮራኩር ሮዜታ በ2014 67ፒ የሚባል ሌላ ጅራታም ኮከብ ድረስ ሄዳ እዛው ለካች፣ ውሃው ከኛ ውሃ ጋር አይመሳሰልም ተባለ፣ መጽሐፍ ሁሉ በዚህ ሊታረም ነበር፣ በ2024 የወጣ ዳግም ትንተና ደግሞ መንኮራኩሯ አካባቢ የነበረው አቧራ ልኬቱን አዛብቶታል አለ። አስር ዓመት ሙሉ እንዲህ! ናሙናው ላብራቶሪ ውስጥ ቢኖር አስር ሰው አስር ጊዜ ይለካው ነበር። የሚያናድደው ሮዜታ ራሷ መጀመሪያ የታሰበችው ናሙና እንድታመጣ ነበር፣ ገንዘብ አጥሮ ቀረ።

ቄሳር የሚባል ፕሮጀክት ነበር፣ ከዛው ከ67ፒ ቢያንስ 80 ግራም አፍሶ፣ ከበረዶው የሚተነውን ጋዝ ለብቻው በታንክ ይዞ ሊመጣ። ናሳ በ2019 ሁለቱን ተፎካካሪዎች አወዳድሮ ታይታን በምትባለው የሳተርን ጨረቃ ላይ የምትበረውን ድራጎንፍላይን መረጠ። እሷንም አልጠላትም፣ ደስ ትላለች፣ የሚበር ነገር ደግሞ ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ግን ታይታን የትም አይሄድም እኮ፣ 67ፒ ፀሐይ አጠገብ ባለፈ ቁጥር በረዶውን እየበተነ ነው። ቄሳር ቢመረጥ ኖሮ ካፕሱሉ ዩታ የሚያርፈው በ2038 ነበር። ዛሬ አዲስ ቢጀመር ስንት ዓመት እንደሚወስድ እናንተው አስሉት።